ከድንኳን እስከ መቅዘፊያ፦ ስለ ተራራ ጉዞና ስለ ሐይቅ ቀዘፋ ዕቃ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ ወደ ስሜን ተራሮች፣ ወደ ባሌና ወደ ሐይቆቻችን ለመውጣት ከሚሰናዱ ሰዎች የመጡ ናቸው። ከሁሉም መልስ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ አንድ ነው፦ ዕቃ የሚፈተነው ቤት አጠገብ ነው። ድንኳኑ ግቢህ ውስጥ ቢያፈስ ቤትህ ገብተህ ትተኛለህ፤ ስሜን ተራሮች ውስጥ ጨነቅ ሰፈር ላይ ሌሊት በ8 ሰዓት ቢያፈስ ግን መግቢያ የለህም።

ጥያቄ፦ ለሁለት ሰው የሚሆን አዲስ ድንኳን ገዛሁ። ማሸጊያው ላይ «3000 ሚሜ» ይላል። ምን ማለት ነው? ዝናብና ነፋስ መቻሉንስ እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ ቁጥሩ ጨርቁ ውሃ ማሳለፍ ከመጀመሩ በፊት የሚሸከመውን የውሃ ዓምድ ከፍታ ነው። ለላይኛው ሽፋን 1,500 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይበቃል። ወለሉ ላይ ጉልበትህና ክርንህ ስለሚጫኑ 3,000 እና ከዚያ በላይ ይሻላል። ማሸጊያው ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ትልቁ፣ ማለትም የወለሉ ቁጥር ስለሆነ የሽፋኑን ለይተህ ፈልግ።

ድንኳን ሲያፈስ ግን በአብዛኛው የሚያፈሰው በጨርቁ ሳይሆን በስፌቱ ነው። መርፌ የወጋው ቀዳዳ ሁሉ በቴፕ ወይም በማሸጊያ ሙጫ ካልተደፈነ ውሃ ያስገባል። አፈታተሹ እንዲህ ነው። ግቢ ውስጥ ትከለው፤ ካስማውን ሁሉ ምታ፣ ገመዱን ሁሉ ወጥር። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፍ፣ ጠብታ የወደቀበት ቦታ ወዲያው ይታይሃል። 10 ደቂቃ በጎማ ከላይ ውሃ አርከፍክፍበት፤ ሌላ 10 ደቂቃ ደግሞ ጎማውን ዝቅ አድርገህ ከጎን ልቀቅበት፤ በተራራ ላይ ዝናብ በነፋስ እየተገፋ አግድም ነው የሚመጣው። ከዚያ በባትሪ አራቱን የወለል ማዕዘኖች፣ የዚፑን ግርጌ፣ ገመድ የሚታሰርባቸውን ቀለበቶች ሥርና ምሰሶው የሚያልፍበትን ስፌት እይ። ያፈሰበትን በእርሳስ ምልክት አድርግ፣ ድንኳኑን አድርቅ፣ ከውስጥ በኩል በማሸጊያ ሙጫ ቀባው፣ 24 ሰዓት ቆይቶ ድጋሚ ውሃ አፍስስበት።

ሙጫው ሁለት ዓይነት ነው። ጨርቁ በሲሊኮን የተለበጠ ከሆነ የሚይዘው የሲሊኮን ማሸጊያ ብቻ ነው፤ በፖሊዩሬቴን የተለበጠውን ደግሞ የፖሊዩሬቴኑ ነው የሚይዘው። ከተምታታብህ ተላጦ ይወድቃል። መለያው ቀላል ነው፦ ስፌቱ ከውስጥ የፋብሪካ ቴፕ ካለው ያ በኩል ፖሊዩሬቴን ነው፤ ቴፕ ሲሊኮን ላይ አይጣበቅም።

ለነፋስ ደግሞ ከርካሽ ድንኳን ጋር የሚመጡትን ቀጭን የሽቦ ካስማዎች አትመናቸው፤ ድንጋይ ሲነካቸው ይጣመማሉ። የባሌው ሳኔቲ አምባ ላይ አፈሩ ስስ ነው፣ ከሥሩ ድንጋይ ነው። እዚያ ካስማው ካልገባ የገመዱን ጫፍ በመካከለኛ ድንጋይ ላይ ጠምጥመህ እሰር፣ ከፊቱ በድንኳኑ በኩል ትልቅ ድንጋይ ደግፍለት፤ ትንሹ ድንጋይ ሲጎተት ትልቁ ይይዘዋል። ለዚህ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 10 ሜትር ትርፍ ገመድ ያዝ። በመጨረሻ ድንኳኑን አንድ ጊዜ በጨለማ፣ ጓንት አድርገህ ትከለው። ከ15 ደቂቃ በላይ ከፈጀብህ ድገመው።

ጥያቄ፦ ጠዋት ስንነሳ ድንኳኑ ከውስጥ ረጥቦ ነበር፤ ሌሊቱን ግን አልዘነበም። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የትንፋሻችሁ እንፋሎት ነው። የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ በሙሉ እኩል ላብ ካወጣ እንፋሎት ነው፤ ከአንድ ስፌት ሥር በመስመር ከወረደ ግን ፍሳሽ ነው። የላይኛውን መተንፈሻ ከፍታችሁ ተኙ፣ እርጥብ ልብስ ውስጥ አታስገቡ፣ ጉድጓድና ወንዝ ዳር አትትከሉ፤ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደዚያ ነው የሚወርደው።

ጥያቄ፦ ስሊፒንግ ባጌ ላይ «−5» ተጽፏል። በታኅሣሥ ጨነቅ ላይ ይበቃኛል? እኔ ሴት ነኝ፣ ቶሎ ይበርደኛል።

መልስ፦ መጀመሪያ ያ −5 የትኛው እንደሆነ እይ። በደረጃው መሠረት የተለካ ስሊፒንግ ባግ ሦስት ቁጥር አለው፦ ምቹ፣ ወሰንና እጅግ የከፋ። ምቹ የሚባለው አንዲት ሴት ዘና ብላ የምትተኛበት ሙቀት ነው፤ ወሰን የሚባለው አንድ ወንድ ተጠቅልሎ ሌሊቱን የሚገፋበት፤ ሦስተኛው ነፍስን ለማትረፍ ያህል ብቻ ነው። ያንቺ −5 ወሰኑ ከሆነ ምቹው ዜሮ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ አይበቃሽም። ሦስተኛው ከሆነ ደግሞ ለተራራ አትያዢው። አንድ ቁጥር ብቻ ካለውና የምኑ እንደሆነ ካልተገለጸ፣ ምቹው ከተጻፈው ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ከፍ ያለ እንደሆነ ገምቺ።

ጨነቅ 3,620 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ስለሚያድር ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የምታገኚው። ምቹ ቁጥሩ −5 እና ከዚያ በታች የሆነ ያስፈልግሻል። ሌላ ቦታ ስትሄጂ ለመገመት በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ቀንሺ።

የብዙ ሰው ስህተት ግን ከላይ ሳይሆን ከታች ነው። የተኛሽበት በኩል ያለው ሙሌት ከክብደትሽ ሥር ስለሚጨፈለቅ አያሞቅም፤ ከመሬት ቅዝቃዜ የሚለይሽ ፍራሹ ብቻ ነው። የፍራሹ መከላከያ አር ቫልዩ በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ለስሜንና ለባሌ በጋ 4 አካባቢ ፈልጊ። ተራ የፎም ምንጣፍ 2 ገደማ ነው፤ ግን ቁጥሮቹ ይደመራሉ፣ ሁለት ምንጣፍ ብትደርቢ 4 ይሆንልሻል። የሚነፋ ፍራሽ ካለሽ ቤት ነፍተሽ ሌሊቱን ተኝተሽበት እደሪ። ጠዋት ከላላ የሳሙና አረፋ ቀቢው፤ አረፋው የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው።

ለፍተሻው አንድ ሌሊት በጥቅምት መጨረሻ እንጦጦ አካባቢ፣ ሰው ግቢ ውስጥ አስፈቅደሽ እደሪ። 3,000 ሜትር ላይ ከበረደሽ ጨነቅ ላይ ምን እንደሚሆን አወቅሽ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጋቢ ብይዝስ?

መልስ፦ ያዝ፣ ግን ቦታውን እወቅለት። ጋቢ ማታ ሰፈር ላይ ተቀምጠህ ስትጫወት፣ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ከስሊፒንግ ባጉ ላይ ለመደረብ የሚተካው የለም። ጥጥ ነው፤ ከረጠበ ክብደቱ ይበዛል፣ ሙቀት አይዝም፣ በዚያ ብርድ ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ እየሄድክ አትልበሰው፣ በላስቲክ ጠቅልለህ ያዘው። ለሚሄድ ሰው ከሥር ቀጭን ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከላይ ነፋስ የሚከላከል ጃኬት ነው። ላብ ያረጠበው የጥጥ ካናቴራ እረፍት ላይ ሰውን ያንቀጠቅጣል።

ጥያቄ፦ ከሰልባጅ በጣም ጥሩ የሚመስል የተራራ ቡት በርካሽ አገኘሁ። ልግዛው?

መልስ፦ የላይኛው ቆዳ አያታልልህ፤ ሶሉን ነው የምትመረምረው። ብዙ የተራራ ቡት ከታችኛው ጎማ በላይ የፖሊዩሬቴን ፎም አለው። ይህ ፎም ባይለበስም በአየር እርጥበት ብቻ ከዓመታት በኋላ ውስጡ ይበሰብሳል። ከውጭ አዲስ የሚመስለው ጫማ ሁለት ሰዓት እንደተሄደበት ሶሉ ተፍረክርኮ ይገነጠላል፤ መጋዘን የቆየ ቡት ሁሉ ይህ አደጋ አለበት።

በሁለት አውራ ጣትህ የፎሙን ጎን ጠንክረህ ጫን፦ ተመልሶ ከተነሳ ደህና ነው፤ ምልክቱ ከቀረ፣ ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ፍርፋሪ ከተራገፈ ተወው። ጫማውን ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ አጥፈው፣ ጎማው ከቆዳው የሚለያይበትን መስመር እይ። ሙጫ ብቻ የተቀባ ዕድሳት ካለ ኮረብታ ላይ አይቆይም፤ ጥሩ ሊስትሮ ዙሪያውን በወፍራም ክር ከሰፋው ግን ፎሙ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ያገለግላል። እንዲያም ሆኖ ቦርሳህ ውስጥ 3 ሜትር ጠንካራ ገመድና የጨርቅ ቴፕ ይኑር፤ ሶል ሲገነጠል በጫማው ዙሪያ ጠምጥመህ እስከ ሰፈር ትደርሳለህ።

ልኩን ከሰዓት በኋላ፣ እግር ካበጠ ወዲያ፣ በምትጓዝበት ካልሲ ለካ። ሳታስር እግርህን ወደ ፊት ገፍተህ ከተረከዝህ ኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። ከዚያ አጥብቀህ እሰርና ደረጃ ውረድ፦ አውራ ጣትህ ከጫፉ ከተጋጨ ቁልቁለት ላይ ጥፍርህን ታጣለህ። አዲስም ይሁን ሰልባጅ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ከተማ ውስጥና መናገሻ ሱባ ጫካ ላይ ሳትሄድበት ለረጅም ጉዞ አታውጣው።

ጥያቄ፦ እግሬ ቶሎ ውሃ ይቋጥራል።

መልስ፦ ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ያቃጥላል። ያቃጠለህ ጊዜ «ሰፈር ስደርስ» ሳትል ቁም፣ ቦታውን አድርቅ፣ ለስላሳ የሕክምና ቴፕ ያለ ሽብሽብ ለጥፍበት። የጥጥ ካልሲ አትልበስ። ምሳ ላይ ጫማህን አውልቀህ እግርህን 10 ደቂቃ አናፍሰው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ከፍታውን ስለለመድኩ ስሜን ውስጥ ቧሂት ተራራ ላይ ችግር የለብኝም አይደል? እህቴ ደግሞ ከዱባይ በቀጥታ መጥታ ልትቀላቀለን ነው።

መልስ፦ ላንተ ግማሹን መንገድ አግዞሃል። 2,350 ሜትር ገደማ ላይ መኖር ለ3,000 ያዘጋጃል፤ ለ4,430 ግን አይደለም። እህትህ ከባሕር ጠለል ስለምትመጣ ከሷ ጋር ተመጣጥናችሁ ነው መጓዝ ያለባችሁ። ደንቡ ይህ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አታሳድጉ፣ በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቀን እዚያው እደሩ። ሁለት ሌሊት ጎንደር ወይም ደባርቅ፣ ከዚያ ሳንቃበር 3,250 ገደማ፣ ከዚያ ግጭ 3,600 ገደማ፣ ከዚያ ጨነቅ። ቧሂት ከጨነቅ ወጥቶ መመለስ ነው፤ 800 ሜትር ያህል ሽቅብ ቢሆንም የምታድሩት ታች ስለሆነ ይሄዳል። ሁሉን በሁለት ቀን መጨረስ ለሚፈልግ ሰው ምክሬ፣ እስከ ግጭ ሄዶ እመት ጎጎን አይቶ መመለስ ነው፤ ገደሉ የሚታይበት ምርጡ ቦታ እሱ ነው።

ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከድካም ወይም ከምግብ መጥላት ጋር ከመጣ የከፍታ ሕመም ነው፤ እስኪለቅ ድረስ ሽቅብ የለም። ሁለት ምልክቶች ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ያስወርዳሉ። አንደኛው ሚዛን ማጣት ነው፦ ሰውዬውን ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ ቀጥ ባለ መስመር 10 እርምጃ አስኬዱት፤ ከወላገደ አንጎሉ እያበጠ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ተቀምጦም ቢሆን ትንፋሽ ማጠርና ሳል ነው፤ ሳንባው ውሃ እየያዘ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ሳይለፋ፣ በበቅሎም ሆነ በሰው ድጋፍ፣ ቢያንስ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር አውርዱት፣ ብቻውን አትልቀቁት። አሴታዞላማይድ ለመከላከያ 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ፣ ከመውጣት አንድ ቀን ቀድሞ ይጀመራል። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ።

ጥያቄ፦ ባሌስ?

መልስ፦ ባሌ ወጥመዱ መኪናው ነው። ከጎባ ተነስቶ ወደ ሳኔቲ የሚወስደው መንገድ በጥቂት ሰዓት ውስጥ 4,000 ሜትር ያደርሳችኋል፣ ከፈለጋችሁም ቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ድረስ በመኪና ይወጣል። ለመጎብኘት ያህል ወጥቶ መውረድ ብዙም አይጎዳም፤ እዚያ ማደር ነው የሚጎዳው። ዲንሾ ሁለት ሌሊት እደሩና ውጡ። ውሻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ ከውሻ የሚተላለፉ ወረርሽኞች፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ፣ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ደጋግመው ገድለዋል።

ጥያቄ፦ ለማብሰያ የጋዝ ምድጃ ይሻላል ወይስ የነጭ ጋዝ? ምስር ስንቀቅል ደግሞ አልበስል ብሎን ነበር።

መልስ፦ ምስሩ ጥፋት የለበትም። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ እሳት ብትጨምሩም ውሃው ከዚያ አይሞቅም፣ ጋዝ ብቻ ታባክናላችሁ። ሽሮ፣ አጃ፣ ፓስታ ያዙ፤ ምስር ከተፈለገ ክኩን ከጠዋት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ተሸከሙት።

ምድጃን በተመለከተ፣ በባለ ጥርሱ ቆርቆሮ የሚመጣው የኢሶቡቴንና የፕሮፔን ቅልቅል ለተራራ ይሻላል። ረጅሙ የጠረጴዛ ምድጃ ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ቡቴን ነው፤ ሙቀቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ወደ ጋዝነት መለወጡ ይዳከምና እሳቱ ይሞታል። ቆርቆሮውን ሌሊት ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አሳድሩት። አንድ ሊትር ውሃ ለማፍላት ከነፋስ ተከልሎ ከ10 እስከ 15 ግራም ጋዝ ያዙ። የቀረውን ለማወቅ ሙሉውን ቆርቆሮ በኩሽና ሚዛን መዝኑና የተጻፈበትን የጋዝ መጠን፣ ለምሳሌ 230 ግራም፣ ቀንሱ፤ ያ የባዶው ክብደት ነው። በኋላ ስትመዝኑት ከዚያ የሚበልጠው የቀረው ጋዝ ነው። የነጭ ጋዝ ምድጃ በብርድ አይከዳም፣ ነዳጁም በየከተማው አለ፤ ግን አስቀድሞ ማሞቅ ይፈልጋል፣ ጥቀርሻ ያበዛል፣ ሽታው ስንቅ ውስጥ ይገባል። ለአራት ሰውና ከዚያ በላይ ለሳምንት ከሆነ እሱን እመርጣለሁ።

ፓርክ ውስጥ አስታ ቆርጦ ማንደድ ክልክል ነው። ምድጃም ከሰልም ድንኳን ውስጥ አይገባም፤ ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሳያነቃ ይገድላል።

ጥያቄ፦ የምንጭ ውሃስ? ማጣሪያ አለኝ።

መልስ፦ ከላይ ከብትና በግ ይሰማራል፤ ምንጭ ነው ብለህ አትጠጣ። ማፍላት ከሁሉም ይሻላል፦ ከ2,000 ሜትር በላይ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ። ውሃ አጋርን የመሰለ ክሎሪን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረህ 30 ደቂቃ ጠብቅ፤ ድፍርስ ከሆነ መጀመሪያ በነጠላ አጥልለው። የማጣሪያህ ጠላት ውርጭ ነው። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች አንዴ ከረጠቡ በኋላ ከበረዱ ይሰነጠቃሉ፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። አርጥበህ በንጹሑ በኩል በአፍህ ንፋበት፦ አየር በቀላሉ ካለፈ ተሰንጥቋል፣ ጣለው። ሌሊት አብሮህ ይተኛ።

ጥያቄ፦ በጾም ወቅት ነው የምንሄደው፤ ስንቅ ምን ይሁን?

መልስ፦ በሶ ከሁሉም ይቀድማል፤ ቀላል ነው፣ ምድጃ አይጠይቅም። ጭኮ ቅቤ ስላለበት በጾም አይሆንም፣ ግን በሶውን በዘይትና በማር ለውሳችሁ ድብልብል አድርጋችሁ በላስቲክ ብትይዙ እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ዳቦ ቆሎ፣ የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ቴምር፣ ሽሮ ጨምሩ። ለአንድ ሰው በቀን ከ700 እስከ 800 ግራም ደረቅ ስንቅ መዝኑ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ካለ የዕለቱን ሽቅብ በጠዋት ብርድ ጨርሶ ከሰዓት ቁልቁለት እንዲሆንለት መንገዱን አስተካክሉ። ውሃም የማይቀምስ ከሆነ ግን ከ4,000 በላይ ባይወጣ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ዕቃችን በበቅሎ ነው የሚጫነው። የሚበላሽ ነገር አለ?

መልስ፦ የቦርሳ ማንጠልጠያና ዘለበት። ጫኙ ገመዱን በሙሉ ጉልበቱ ነው የሚጠፍረው፣ በቅሎዋም ከድንጋይና ከአስታ ግንድ ጋር ታሻሸዋለች። ቦርሳውን እንዳለ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ክተቱና አፉን ስፉት። የድንኳን ምሰሶ፣ ምድጃና የግንባር ባትሪ መሐል ላይ በልብስ ተጠቅልለው ይቀመጡ። ውሃ፣ ዝናብ ልብስ፣ ሙቅ ጃኬት፣ ምሳና መድኃኒት ግን በጀርባችሁ ይሁን፤ በቅሎና እግረኛ ሁልጊዜ አብረው አይደርሱም። ጉዞውን ከማረጋገጣችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ጸጥታ ደባርቅ ላለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ጠይቁ፤ ስካውትም፣ ማለትም አብሯችሁ የሚሄደው የፓርክ ጠባቂ፣ የሚመደብላችሁ እዚያው ነው።

ጥያቄ፦ የሚነፋ ካያክ ገዝቼ ላንጋኖ ልወስደው ነው። ምን ልፈትሽ?

መልስ፦ ቤት ውስጥ ጥላ ላይ ነፍተህ 24 ሰዓት አስቀምጠው፤ መለኪያ ያለው ፓምፕ ያዝ፣ በጣት መጫን አይበቃም። በየቫልቩ አጠገብ የታተመው ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ከፍተኛው ነው፣ ከሱ አትለፍ። ከቀነሰ በሳሙና ውሃ ቫልቮቹን መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ስፌቶቹን ፈልግ፤ ከቀዳዳ ይልቅ አሸዋ የያዘ ወይም የላላ ቫልቭ ነው የሚበዛው።

ከፍታና ፀሐይ ግፊቱን ይለዋውጡታል። አዲስ አበባ ላይ 3 ፒኤስአይ የሞላኸው ላንጋኖ 1,585 ሜትር ላይ ሲደርስ ወደ 2 ይወርዳል፤ አላፈሰም፣ የውጩ አየር ከብዶ ነው። በተቃራኒው ዳር ላይ ለፀሐይ ከተውከው በ20 ዲግሪ ሲሞቅ 3 የነበረው ወደ 4 ይወጣል፣ ስፌት የሚቀደደው ያኔ ነው። ስለዚህ ውሃ ዳር ንፋ፣ ውሃ ላይ አስቀምጠው፣ 10 ደቂቃ ቀዝቅዞ ሲላላ ሙላው። ከውሃ ስታወጣው ጥላ ፈልግለት ወይም አየር ቀንስለት።

ጥገናው፦ ቀዳዳውን ዙሪያ በአልኮል አጽዳ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገህ ፈትግ፤ ማጣበቂያው ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 3 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ፣ ማዕዘኑ ክብ ይሁን። የፒቪሲ ሙጫ ሁለቱም ላይ በስሱ ቀባ፣ 5 ደቂቃ አድርቅ፣ ድጋሚ ቀባ፣ ጣት ሲነካው የሚይዝ ግን የማይከተል ሲሆን ለጥፈህ በማንኪያ ጀርባ አየሩን ግፋ፣ ክብደት ጭነህ 24 ሰዓት ተው። ቸኩሎ በዚያው ቀን መንፋት ጥገናውን ያበላሻል።

ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነጻ በመባል ስለሚታወቅ ለመለማመድ ተመራጭ ነው። ውሃው ግን ቡናማ ነው፣ የሰጠመ ነገር አይታይም፤ መቅዘፊያና ጫማህን ከካያኩ ጋር እሰር። ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 4 ሰዓት ቅዘፍ። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ይነሳና ማዕበል ይሠራል፤ የሚነፋ ካያክ ቀላልና ከፍ ያለ ስለሆነ እንደ ሸራ ይነዳል። ስትወጣ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘህ ጀምር፣ ሲደክምህ እሱ ይመልስሃል። ነፋሱ ከዳር ወደ ሐይቁ መሐል ሲነፍስ ዳር ላይ ውሃው ጸጥ ያለ ይመስላል፤ አደገኛው ቀን ያ ነው፣ አትውጣ።

ከሁሉም በፊት ደረትህ በሚደርስ ውሃ ላይ ሆነህ ገልብጠው። ገልብጦ ማቅናት፣ ከጎን ሆኖ እግርን ወደ ኋላ ዘርግቶ እየመቱ በሆድ ወደ ላይ መንሸራተት፣ ከዚያ መገልበጥና መቀመጥ። ያለ ረዳት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካልተሳካልህ ከዳር 50 ሜትር አትራቅ።

ጥያቄ፦ ርካሽ ላይፍ ጃኬት ይታመናል?

መልስ፦ ፈትኑት። 50 ኒውተን (የማንሳፈፍ ኃይሉ ነው) የሚለው ዋና ለሚችል ነው፤ ዋና ለማይችል ቢያንስ 100። ባለ 50ውን ለመመዘን 5 ኪሎ የብረት ክብደት አስራችሁበት በርሜል ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ ከሰጠመ የተጻፈው ውሸት ነው። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድሩትና ጠዋት ድገሙ፤ ውሃ የሚጠጣ ፎም ያኔ ይጋለጣል። ከዚያ ሰውየው ለብሶ፣ ዘለበቱን ቆልፎ፣ ሌላ ሰው በትከሻው በኩል ወደ ላይ ይሳበው፦ ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው። ለልጅ በእግር መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ የሌለውን አትግዙ።

ጥያቄ፦ ጣናስ? በካያክ ከባሕር ዳር ዘጌ መቅዘፍ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ከሞተር ጀልባ አጃቢ ጋር፣ በጠዋት። ሐይቁ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ አጭርና ቀጥ ያለ ማዕበል ነው የሚያነሳው፤ ለካያክ ከረጅሙ ማዕበል ይከፋል። ዓባይ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። ቀን ቀን ጥልቀት በሌለው ውሃና ደንገል ዳር ነው የሚቆየው፣ ማታና ንጋት ለግጦሽ ይወጣል። ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ፣ በሱና በጥልቁ ውሃ መሐል በፍጹም አትግቡ፤ የሚሸሸው ወደዚያ ነው፣ መንገዱ ላይ ያገኘውን ይገለብጣል።

እምቦጭ ሌላው ነው። ነፋስ ስለሚነዳው ጠዋት ክፍት የነበረ መውጫ ከሰዓት ሊዘጋ ይችላል፤ ሁለተኛ መውጫ አስቀድማችሁ ምረጡ። ጣና ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ቀንድ አውጣው የሚኖረው ዳር ዳሩን ሣርና ደንገል ውስጥ ስለሆነ እዚያ አትቁሙ፣ ከነካችሁ ወዲያው በፎጣ አሹ፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ተመርመሩ፣ ሕክምናው ፕራዚኳንቴል ነው።

ታንኳ ለመሞከር ከፈለጋችሁ ከባለቤቱ ጋር ውጡ። ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየቀኑ ቀጥ ተደርጎ ይደርቃል፤ የረጠበ ታንኳ ላይ ሁለት ሰው ሆናችሁ ሩቅ አትሂዱ።

ጥያቄ፦ ዓባይን ከጢስ እሳት በታች በዚሁ ካያክ?

መልስ፦ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ቡድን በወታደራዊ ዝግጅት ገብቶ እንኳ አንድ አባሉ ወንዝ ሲያቋርጥ ሰጥሞበታል። የሐይቅ ካያክ ለነጭ ውሃ አልተሠራም፤ በገደሉ ውስጥ ደግሞ ከጀመሩ መውጫ የለም።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ስመጣ ምን ላምጣ? ምንስ አይታለፍም?

መልስ፦ የጋዝ ቆርቆሮ በሻንጣም በእጅም አይፈቀድም፤ ምድጃውን ብቻ፣ ነዳጅ ነክቶት ከሆነ በደንብ ታጥቦና ደርቆ። ፓወር ባንክ በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው፣ እስከ 100 ዋት ሰዓት፤ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ያለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያልፋል። ድሮን ያለ ፈቃድ አታምጣ። ሊመጣ የሚገባው እዚህ በቀላሉ የማይገኘው ነው፦ የስፌት ማሸጊያ ሙጫ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ ጠንካራ ካስማና የታወቀ ቁጥር ያለው ፍራሽ። ስልክህ ላይ ካርታውን ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ አውርድ፤ ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ቀን የውስጥ ኪስህ፣ ሌሊት ስሊፒንግ ባግህ ውስጥ ይሁን።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው ያለነው፤ ሐታ ግድብ ላይ ካያክ ጀምረናል። ለኢትዮጵያው ያዘጋጀናል?

መልስ፦ ለቀዘፋ ስልቱ አዎ፣ ለነፋሱ አይደለም፤ ግድቡ በተራራ የተከበበ ነው። እዚያ ሳላችሁ ተገልብጦ መግባቱን ተለማመዱ። በተራሮቹ ለመሄድ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ብቻ፣ ለአንድ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ውሃ ይዛችሁ፤ ዝናብ ከተተነበየ ዋዲ (ደረቅ የወንዝ ሸለቆ) ውስጥ አትግቡ፣ እናንተ ጋ ባይዘንብም ጎርፉ ሩቅ ከዘነበበት ቦታ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የዝናብ ጃኬቴ ድሮ ውሃ ያንከባልል ነበር፣ አሁን ይጠጣል።

መልስ፦ ውስጡ ያለው ውሃ መከላከያ ላይጎዳ ይችላል፤ ያለቀው የውጩ ቅብ ነው፣ ወይም ላብና ጭስ ሸፍኖታል። በፈሳሽ ሳሙና ያለ ማለስለሻ እጠበው፣ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው፣ ደርቆ ሳለ ጨርቅ ደርበህ ለብ ባለ ካውያ ተኩሰው፤ ሙቀቱ ቅቡን ይመልሰዋል። ውሃ አሁንም ካልተንከባለለ መርጫ ቅብ ግዛ። ከውስጥ በኩል ንጣፉ እየተላጠ ከሆነ ግን ጃኬቱ አልቋል።

ጥያቄ፦ ከጉዞ ስንመለስ ዕቃውን እንዴት እናስቀምጥ?

መልስ፦ ድንኳኑን በደረሳችሁበት ቀን ዘርጉት፤ እርጥብ እንደታጠፈ ሦስት ቀን ካደረ ይሻግታል፣ የውስጥ ቅቡም እየተጣበቀና እየሸተተ ይላጣል። ስሊፒንግ ባጉን ከጠባቡ ከረጢት አውጥታችሁ አንሶላ ውስጥ ልቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። የሚነፋ ፍራሽ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ጠፍጣፋ ይቀመጥ። ካያኩን አሸዋውን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ፣ በጥላ አድርቃችሁ፣ አይጥ በማይደርስበት ቦታ ልል አድርጋችሁ ጠቅልሉት። ላይፍ ጃኬት ላይ ዕቃ አይጫንበት፣ ፎሙ ይጨፈለቃል። ከግንባር ባትሪውም ድንጋዮቹን አውጡ።